የጀልባ እቁብ

ስማችን ባሕር ዳር፤ ባሕር ግን አላየን፣
ጣና ያሳደገን፣ ታንኳ ላይ ያቆየን።

አራት ነን።
አንማው የጂኦግራፊ መምህር፣ ካርታ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፤
ይዝባለም ሞተር ጠጋኙ፣ ታጥቦም ናፍጣ የማይለቀው፤
ትሁኔ ባለ ፋርማሲዋ፣ ዝም ስትል ክኒን የምትቆጥር የምትመስል፤
እኔ የዘጌ ጀልባ ትኬት ቆራጩ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አሳፍሬ
ራሴን መሳፈር የረሳሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከትኬት ቤቱ ጀርባ፣ ከሾላው ሥር
እቁባችንን እንጥላለን፤ ሁለት ዓመት ሞላን።
ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው፤
ለአራታችንም በአንድ ቀን የሚወጣ ዕጣ ነው፦
ሸራ ያለው ጀልባ፣ ሦስት ክፍል፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ።

አንማው ካርታውን አሳትሞ መጣ፣
ቀለም ውድ ነው ብሎ በጥቁርና ነጭ፤
ባሕሩም የብሱም አንድ ዓይነት አመድ።
ትሁኔ ከቦርሳዋ ጂቪ አወጣች፣
በጥጥ እየነከረች ባሕሩን ቀባችው፣
ቁስል እንደምትቀባ፣ ዳር ዳሩን ተጠንቅቃ።

ከዚያ ሒሳብ።
መቼ ይሻላል? ነሐሴ ጾም ነው፣ ዋጋውም ሰማይ፤
ከመስቀል ማግስት ይቀንሳል፣ ነፋሱም ይሰክናል ይላሉ።
«ነፋስም ያከራያሉ?» አለ ይዝባለም።
«ነፋሱ የእግዜር ነው፤ የምንከፍለው ለሸራው።»
መያዣ አለ፤ መያዣው ከኪራዩ ይበልጣል፤
ካፒቴን አለ፤ በቀን ይከፈለዋል፣ እህሉም በእኛ ነው።
ይዝባለም ተቆጣ፦
«ጣና ላይ ማን መንጃ ፈቃድ ጠይቆኝ ያውቃል?
ማዕበሉ ያውቀኛል።»
«ያኛው ማዕበል አማርኛ አይሰማም» አለው አንማው።

ብራችን
ሲቆጠር ይበዛል፣ ሲመነዘር ያንሳል፤
ዓምና ጀልባ ያህል ነበር፣ ዘንድሮ መቅዘፊያው ጋ ይደርሳል።
ቪዛው ደግሞ ገና ነው፤
እሱ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሐይቁ እናያለን።

ግሪክ ነበር ዕቅዳችን።
አንማው ደሴት ከደሴት በእስክሪብቶ ሲያገናኝ፣
ትሁኔ አንዲት ቃል ተናገረች፦
«ካታኒያ።»
ሲሲሊ ናት። እስክሪብቶው ቆመ።
ታናሽ ወንድሟ እዚያ እንዳለ እናውቅ ነበር፤
እንዴት እንደ ደረሰ ጠይቀናት አናውቅም።

ደወለችለት። ስፒከር ላይ አደረገችው።
ጓዴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ደጋግሞ ሳቀ፦
«ለሽርሽር? በዚያ ባሕር? ከፍላችሁ?»
ከዚያ ጠየቀ፦
«የሕይወት ጃኬት ስንት አለው?»
አንማው ከወረቀቱ አነበበለት፦ «ስምንት። አራቱ ትርፍ።»
መስመሩ የተቋረጠ መሰለን።
«ትርፍ» አለ ጓዴ።
ሌላ አላለም።
ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ።

«እኔ ጀልባ ላይ አልወጣም» አለ ቆይቶ፣
«ግን ወደቡ ላይ እቆማለሁ።
ስትጠጉ ገመዱን ወርውሩልኝ፣
እኔ አስረዋለሁ።»

አንማው ግሪክን ሰረዘ፤
ይዝባለም ስለ ካፒቴኑ ክርክሩን ተወ፣ «ይከፈለው» አለ።
ምንዛሬውም ቪዛውም እንዳለ ነው፤
ጂቪው ከትሁኔ ጣት ሳምንት አለቀቀም።

እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያዋ ጀልባ ሳትነሳ፣
ገመድ መወርወር እለማመዳለሁ።
የዘጌ መንገደኞች ትኬታቸውን ይዘው ይስቁብኛል፣
«ምን ልታጠምድ ነው?» ይላሉ።
ርቀቱ አይከፋም፤
እጄ ግን መሸኘት እንጂ መድረስ አልለመደም።
ዛሬ ሦስቴ ውኃ ላይ ወደቀብኝ።