ወጪ ቀሪ

«ጋሽ አዛናው» ይላል የባጃጁ ልጅ፣
«ስንት ዶላር አፈስክ? ንገረኝ እንደ ወዳጅ።»
አጎቴ አይመልስም፤ ሻዩን ያማስላል፣
ስኳሩ ከሟሟ ሰዓት አልፎታል፤
የፒያሳ ፀሐይ ከፖስታ ቤት ወርዳ
ጉልበቱ ላይ ተኛች፣ እንደ ለመደች እንግዳ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ደብተሩን አይቼ፣
ቼቸላ፣ ከሳጥኑ፣ በስርቆሽ አውጥቼ።
ግራው «ገቢ» ይላል፣ ቀኙ «ወጪ» ይላል፤
የቀኙ ቀለም ግን ኅዳጉን አልፎ ፈሷል።

መጀመሪያው ገጽ ላይ የልጅ ጽሕፈት አለ፦
«ኳስ ለቀማ፤ አሥር ሳንቲም፤ ተከፈለ።»
ያኔ ጣልያን ጥሎት ከሄደው ሜዳ ላይ
ሹሞችና ሐኪሞች ሲጫወቱ ሲያይ፣
አባቱ ለግንቡ ኖራ ያቦኩ ነበር፣
ለነገሥታት አጥር፤
እሱ በትራፊው ይስል ነበር መስመር።

ከዚያ ገጹ ይሮጣል።
ናይሮቢ፣ አንደኛ ዙር፦ መቶ ሃያ ዶላር፤
ሆቴል ሰማንያ፣ የራኬት ክር ሠላሳ፤ ቀሪ አሥር፤
አሥሩም ለታክሲ። በእግሩ የሄደው ሌላ።
ሐራሬ፦ ማጣሪያ። ባዶ። ሙዝና ባቄላ።
ቱኒስ፦ ግማሽ ፍጻሜ! ሁለቴ ተሰምሮበታል፤
ከሥሩ ግን «ለትከሻ መርፌ» ይከተላል።
«ለእናቴ ጥርስ፣ ሙሉ።» ዋጋው ተፍቋል፤
እሷ እንዳታየው ይሆን? ማን ያውቃል።

የአሥራ አራት ዓመት ነው። ቁጥሩን ደመርኩት፤
ባንክ ቤት ነው የምሠራው፣ ሦስቴ አጣራሁት፦
አርባ አንድ ሺህ ዶላር ገባ በእጁ ሙሉ፣
አርባ ሺህ ዘጠኝ መቶ ወጣ በየኬላው ሁሉ።
ወጪ ቀሪ፣ መቶ።
በሷም ሳጥን ገዛ፣
ይኼንኑ ደብተር ቆልፎ የሚይዛ።

አንድ መስመር ብቻ አልደመር አለኝ፣
ካይሮ የሚል ገጽ ላይ፣ ከወጪው ሥር ጠበቀኝ፦
«እውነት — ስድስት መቶ አርባ ዶላር።»

ጠየቅሁት አንድ ማታ፣ መብራት በጠፋበት፣
ፊቱ ስለማይታይ ደፈርኩት በድንገት።
«የመጨረሻዋን ኳስ የመታት የካዛብላንካ
ልጅ ነው። ዳኛው ‹ውጪ!› አለ። አሸነፍኩ። እኔ ለካ
አይቻታለሁ፣ የመስመሩን ጫፍ ስትነካ፣
ኖራው ቡን ሲል እንደ ዱቄት። ኖራ ደግሞ ያባቴ ነው፣
ጭረቱን እንዴት ልካደው?
መረቡ ዘንድ ሄጄ ‹ነክታለች› ብዬ ነገርኩት፤
ዳኛው ውጪ ያለውን፣ እኔ ወጪ አልኩት።»
የሳቀ መሰለኝ። መብራቱ አልመጣም።

አሁንም የባጃጁ ልጅ መልሱን ይጠብቃል።
አጎቴ ሻዩን ጨልጦ «የሱንም ጨምሪ» ይላል፤
የተረፈውን ሳንቲም ቆጥሮ፣ እርሳሱን ልሶ፣
ከደረት ኪሱ ብጣሽ ወረቀት አፍሶ
ይጽፋል፦ ሻይ፣ ሁለት።

ከዚያ በወተት ጣሳ ኖራውን አንጠልጥሎ
ቁልቁል ይወርዳል፣ ቀኝ ትከሻውን ጥሎ፤
በተሰነጣጠቀው ሜዳ፣ ራኬት የተዋሱ
ስምንት ልጆች አሉ፤ አንዳቸውም አልከፈሉ እስካሁን ለሱ።