ሁለት ኪሎ ብርሃን

ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ሚዛን ስፈትሽ፣
በሂርማታ ገበያ፣ ሐሙስ ከጧት እስኪመሽ።
የነሐስ ድንጋዮቼን በሣጥን ተሸክሜ፣
ከኮረሪማው ወደ ማሩ፣ ዝንጅብሉ ዘንድ ቆሜ፣
ከሳህን ሥር ሰም የለጠፈ፣ ማግኔት የሸጎጠ፣
ግማሽ ግራም ሰርቆ ከእጄ ያመለጠ
አላውቅም።

ይህን ኩራቴን ልጄ ሸምሲያ አበላሸች።
ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ይዛ መጣች፤
መብራት የጠፋ ማታ ሻማ ለኩሳ
«አባ፣ ብርሃንም ይስባል» አለች።

«ምድር ትስባለች፤ ገዝፋለችና፤ ይሁን።
ብርሃን ግን ምን አለው? ከየት አምጥቶ ግዝፈቱን?»

ክብሪት ቀፎ ጀርባ ቁጥር ጫረችልኝ፤
«ግዝፈት ብቻ አይደለም፣ ጉልበትም ነው» አለችኝ፤
«ጉልበት ያለበት ሁሉ ቦታን ያጎብጣል፤
ብርሃን ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ይስባል።
ብቻ በጣም ጥቂት። ስንት መሰለህ?
በአንዲት ሰከንድ ከፀሐይ መላ ምድር ላይ የሚወርደው
ተለቅሞ ቢመዘን
ሁለት ኪሎ ቢሞላ ነው።»

ሁለት ኪሎ!
የጅሬንን ኮረብታ፣ የቦዬን ረግረግ፣ ጉማሬውን ከነጀርባው፣
አዌቱ ዳር የተሰጣውን አንሶላ፣ የመስጊዱን ቆርቆሮ፣
ያላየሁትን ባሕር፣ የማላውቀውን በረሃ፣
ይህን ሁሉ የሚያለብሰው
አንዲት ሴት ከሊሙ በቅል የምታመጣው ማር ያህል!
በሁለት ኪሎ ይህን ሁሉ የሚያዳርስ ነጋዴ ቢመጣ
ከአጭበርባሪ ቆጥሬ በቀጣሁት ነበር።

ሻማው ሊያልቅ ሲል፣ ሳትጠየቅ ጨመረች፦
«ሁለት ጨረር ጎን ለጎን፣ አንድ አቅጣጫ ቢነጉዱ፣
አይሳሳቡም አባ፤ ዘላለም አብረው ቢሄዱ።
ፊት ለፊት መጥተው ሲተላለፉ ነው
አንዱ አንዱን የሚጎትተው።»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።
እናቷን አላነሣናትም።

ዘይባና እኔ ሀያ አንድ ዓመት
ጎን ለጎን ሄድን፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ቤት፣
ዐይናችን ወደ ፊት።
አንድም ቀን ዞር ሳንል፣ ሳንጣላ ተለያየን።
አሁን ሰቃ ናት፣ ወንድሟ ዘንድ።
ሐሙስ ሐሙስ ኮረሪማ ጭና ትመጣለች፤
እኔ ሣጥኔን ይዤ ስወርድ፣ እሷ ስትወጣ፣
ድልድዩ መሐል እንተላለፋለን።
«ሰላም ነው?»
«አልሐምዱሊላህ።»
ከዚያ ወዲያ ምንም።
ግን ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር፣ ግማሽ ግራም የማይሞላ፣
ወደ ኋላ ያዘነብላል።

ዛሬ ተራዋ ደረሰ። ሚዛኗን ፈተሽኩ።
ሳህኑ ባዶ ነው፤ ፀሐይ እስከ ጠርዙ ሞልቶታል።
ቀስቱ ከዜሮ አልተነቃነቀም።
ሠላሳ ዓመት «ባዶ» እያልኩ የፈረምኩት ሁሉ
ይህ ነበር?

«ጎደለ እንዴ?» አለች፣ ዐይኗን ሳታነሣ።
ብዕሬ መዝገቡ ላይ ቆመ።
«አልጎደለም» አልኳት።
«ትንሽ ይተርፋል።»