ዕዳና ደመና

የአባቴ ሱቅ ያለው ቫልዲቪያ፣ ወንዝ ዳር፣
ሸቀጡ ቀለም ነው፣ ገመድና ሚስማር።
ዝናብ እዚያ አገር እንግዳ አይባልም፤
ጃንጥላ የረሳ አገሬው አይደለም።
ሰሜን በረሃ ላይ፣ አንቶፋጋስታ ነኝ፤
ዝናብን በስልክ ነው አባቴ የሚያሰማኝ።

ለገና ብሄድ ጊዜ ኮምፒውተሩን አየሁ፣
ከባንኮኒው በታች፣ ወለል ላይ፤ ፈራሁ።
«አባዬ፣ ቢሰረቅ? ቢቃጠልስ?» አልኩት፤
«መጠባበቂያ ይኑር» ብዬ ለመንኩት።
በየወሩ ልከፍል በካርዴ ፈረምኩኝ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሱቁ ሲተኛልኝ፣
ያቺ ማሽን ነቅታ የቀን ውሎዋን ሁሉ
ቀድታ ለደመና ልትሰጠው በሙሉ።

ሳቀብኝ አባቴ፦ «ደመና? ደመና?
ስድሳ ዓመት አወቅኩት፤ መች ይታመንና!
የተሸከመውን ራሳችን ላይ ጥሎ
የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ ማን አደራ ብሎ!»

ያን ዓመት ባሕሩ ቀላ፤ ዛጎል ተመረዘ፤
ጀልባው ሁሉ ታስሮ ወደቡ ደነዘዘ።
ኤርሚንዳ ቆርቆሮ ለጣሪያዋ፣ በዱቤ፤
ካሪማን ለጀልባው ዝፍትና ገመድ፣ በዱቤ፤
መምህሩ ሳይቀር የክፍሉን ቀለም፣ በዱቤ።
አንድ ሰንጠረዥ ላይ፣ «ዕዳ» በሚል ስም፣
አባቴ መዘገበ፤ አልነበረውም ቂም።

የጴጥሮስ በዓል ዕለት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ
ባዶ መረብ ይዘው ቅዱሱን ሲከተሉ፣
ከመስኮቱ ቆሞ፣ አይቶ አይቶ ሲያበቃ፣
በአንድ ጣት ሰረዘው። ዕዳው ሁሉ፣ በቃ።
ለማንም አልነገረ። ለእኔም አልነገረ።
ምሕረት ሲያወሩት ዕዳ ይሆናል፣ ይል ነበረ።

በአሥራ አምስት ቀኑ ወንዙ ሞልቶ ወጣ፤
ሳያንኳኳ ገባ፣ ባንኮኒ ሥር መጣ።
ጭቃው እስከ ጉልበት። ሚስማሩ ዛገ። ማሽኗ
ውሃ ስትጠጣ አድራ፣ ጠዋት የለም ድምጿ።

ደወለ፦ «ሚሬያ፣ ያ ደመናሽ አለ?»

ሦስት ቀን ፈጀበት፤ መስመሩ ቀጠነ፤
ሁለት በመቶ፣ አሥር፣ ሃያ አንድ... ሆነ።
እንደ ጎርፉ ሳይሆን፣ ጠብ ጠብ ብሎ፣ ፈርቶ፣
ፋይል በፋይል ወረደ፣ ከሰማይ ተቀድቶ፦
የደንበኛ ደረሰኝ፣ የግብር ወረቀት፣
እናቴ ስትስቅ የዛሬ ስንት ዓመት፣
የቀለም ዋጋ ዝርዝር፤ ከዚያም በመጨረሻ
«ዕዳ» ብቅ ሲል ጊዜ አባቴ አጣ መሸሻ።

የፋቁትን እንኳ ሠላሳ ቀን ድረስ
ያቆያል ደመናው፤ ምናልባት ቢመለስ፣
ምናልባት ሰው ቢጸጸት፤ ውሉ እንዲያ ነው የሚል።
ምሕረት መሆኑንስ ማን ነግሮት? በምን ቋንቋ? በየትኛው ፋይል?

ፊተኛው ምሕረት በደረቅ መሬት ነበር፤
አሁን ወለሉ በስብሶ፣ መደርደሪያው ሲሰበር፣
ያ ድምር ብቻውን ሱቁን ባቆመው።
እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፣ ስንት እንደሆነው።
«ስንት ነበር?» አለችው ጭቃ ስትጠርግ ኤርሚንዳ፣
«እንዳትረሳው ብዬ፤ ያን የቆርቆሮ ዕዳ።»
(ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ ከቆየ በኋላ፤
ዝም ብሎ እንጨት ተሸከመ አለችኝ፣ አንዴም ሳይመልስ ቃላ።)

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ቢባልም፣
መረሳትን የፈለገ ሰው የት እንደሚጽፍ ማንም አልነገረንም።

መዝገቡ በስሜ ነው፤ መልእክት ደረሰኝ ማታ፦
«አንድ ፋይል እስከ ወዲያኛው ተሰርዟል፤ ስሙ ዕዳ፤ በደንበኛው ይሁንታ።»
አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር ሊጠፋ በራሱ፤
መጠበቅ ይችል ነበር። አልጠበቀም እሱ።

ስደውልለት ስለ እንጨት ዋጋ አወራኝ፤
ስልኩን ወደ ጣሪያው ይዞ ዝናቡን አሰማኝ።
እኔም አልጠየቅሁት።
በየወሩ እከፍላለሁ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት
ደመናው ይቀዳል፣ የሱቁን ውሎ፣ የቀኑን ሒሳብ አጥንት።
ለዚያች መልእክት ግን ደመናን አላመንኩ፤
በወረቀት አትሜ፣ እዚህ፣ ኪሴ ከተትኩ።