ቅጠል ያለበት ጠርሙስ

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ወደ በሬሳ መውረጃው፣
ሱቅ አለኝ አንዲት በር፤ ሳሙና ነው ዕቃው።
ባለ ካርቶን፣ ባለ ላስቲክ፣ ዱቄቱ፣ ፈሳሹ፣
ስም እጠራላቸዋለሁ ደንበኞቼ ሲሹ።

ባለፈው የካቲት፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
ዘርፌ መጣች ከደጄ ልትገዛ ሳሙና።
የሆቴል አንሶላ፣ የሆቴል ብርድ ልብስ
ተሸክማ ወርዳ፣ አጥባ የምትመለስ፤
መዳፏ የነጣ፣ ጥፍሯ የሳሳባት፣
ሃያ ዓመት በውሃ አጥባ፣ ውሃው ያጠባት።

አዲስ የመጣውን ጠርሙስ አነሣሁላት፤
አረንጓዴ ቅጠል ፊቱ ላይ ታትሞበት፣
«ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል ከሥሩ ላይ።
«ይኼ ምን ቅጠል ነው?» አለችኝ ሳትቆይ።
አስጠግቼ አየሁት፦ ወይራ አይደለች፣ ግራዋ፤
አይታወቅ ቆላዋ፣ አይታወቅ ደጋዋ።
«ተስማሚ ነው» አልኳት፣ «ይኸው፣ ተጽፏል።»
«የጻፈው ሰውዬ በሬሳን አይቷል?»

ምን ብዬ ልመልስ? ሱቄን ዘጋሁና
ተከተልኳት ቁልቁል፣ ይዤ ያን ሳሙና።

በጋ ነው። በሬሳ ቀጥኗል፣ ሣሥቷል፤
ድንጋይ እየዞረ በግድ ይፈስሳል።
የትናንት አረፋ፣ የማን ሸሚዝ ለቅቆት፣
ቢጫ ሆኖ ቀርቷል ጥጉ ላይ ተኝቶበት።
ጋጋኖ በማዶ አንዴ ጮኸ፣ ተወው።

ዘርፌ ጎንበስ አለች፤ «ና፣ እየው» አለችኝ፤
ከረጋው ውሃ ላይ አንዲት ነፍስ አሳየችኝ፦
እግሯ ክር የሚያህል፣ ሰውነቷ ሰበዝ፣
በውሃው ቆዳ ላይ የምትሄድ፣ ሳይወዛወዝ፣
እንደ ጴጥሮስ በባሕር።
ልጆች «ውሃ ረጋጭ» ሲሏት ሰምቻለሁ።

«ክዳኑን ክፈተው። አንዲት ጠብታ ጣል።»

ጣልኩ።
አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ከቅጠሉ ጠርሙስ።
ውሃው እንደ ግንባር ፈታ አለ፣ ለስለስ፤
የሚያቆማት ነገር ከእግሯ ሥር ተነሣ።
ለጴጥሮስ እጅ መጣ፤ እሷን ማን ያንሣ?

«እንግዲያስ» አልኩ እኔ፣ በሸቀጤ አፍሬ፣
«እንዶድ ይሻለናል፤ ይቅር ይኼ ወሬ።
ከአጥር የሚለቀም፣ የእናቶች ሳሙና፣
ፋብሪካ ያልነካው፣ የእግዜር ነውና።»

ሳቀች። ብርድ ልብሱን በእግሯ እየረገጠች፣
የአባቷን ነገር፣ የጀማን አመጣች፦
«አባቴ ቆላ ወርዶ፣ ከገደሉ ሥር፣
እንዶድ ወቅጦ ይበትን ነበር በኩሬው ዳር።
ትንሽ ቆየት ሲል ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ፣
ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣
እንደ ታጠበ ልብስ።
እየሳቅን ለቀምን። ያም የእግዜር ፍሬ ነው።
ቅጠልም አለው፤ የእውነቱን።»

ዝም አልኩ።
«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሻጩ አንተ፣ አጣቢዋ እኔ።
ውሃ ግን ይሉኝታ የያዘው እንግዳ ነው፤
ያቀረቡለትን ‹በቃኝ› አይልም።»

ሳፋውን አነሣች። ወንዙ አጠገቧ ነው፣
አልደፋችውም።
ዳገቱን ወጣች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣
ባሕር ዛፎቹ ሥር ራሷ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ
ቀስ አድርጋ ገለበጠችው።
«አፈር ያኝካል» አለች። «ውሃ ይውጣል።»

«ታጥቦ ጭቃ» እያልን ስንሰድብ የኖርነው፣
ጭቃ ነው እንግዲህ እድፉን የሚያጥበው?
እንጃ። ጉድጓዱንም ማን ጠየቀው፣
ከሥሩ ያለው ትል ምን እንደሚል?

ማታ ሱቄን ከፈትኩ። ጠርሙሱን አልጣልኩም፤
ልጅ የሚያስተምር ሰው የገዛውን አይጥልም።
አንድ አዲስ መምህር መጣ፣ ቅጠሉን አይቶ፣
«ለአካባቢው ደህና ነው?» አለኝ፣ ደስ ብሎት፣ አንሥቶ።
ስንቱን «አዎ» ብዬ ሸኝቻለሁ በሳቅ።
«ለልብስ ደህና ነው» አልኩት። «ትንሽ ይበቃል። ከወንዝ ራቅ።»
ነጋዴ «ትንሽ» ሲል ሰምቶ አያውቅ መሰለኝ፣
መልሱን ተቀብሎ ደግሞ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ እጄን ታጠብኩ።
ሦስቴ የማሸውን አንዴ ብቻ አሸሁ፤
ውሃውን ከደጄ ቦይ ላይ ደፋሁ፣ እንደ ልማዴ፣
ሳላስብ።
ቦዩ ቁልቁል ይሄዳል።
ቁልቁሉ በሬሳ ነው።