ከበሩ ጀርባ

ባት ያም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስድስት ነፍስ በሁለት ክፍል።
ወጥ ቤታችን መቀነት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፤ አንዱ ሊያልፍ ሲል
ሌላው ሆዱን ካልሳበ
ማቀዝቀዣው አይከፈትም።

ከማዘጋጃ ቤት ሣጥን መጣ፤ ብርቱካንማ፣ ሰፊ፣
"ለይታችሁ ጣሉ" የሚል ወረቀት የለበሰ፣ ለፍላፊ።
የት ይቀመጥ? አልጋ ሥር አልገባ፤ በረንዳው ልብስ ማስጫ፤
ሲዞር ከርሞ፣ ሲዞር ከርሞ፣ ሆነ የኔ ኳስ መቀመጫ።

ደረጃው ላይ የኮሚቴው ሰው ማስታወቂያ ለጠፈ፤
በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛ፣ በእኛም፣ ፊደሉ የተገደፈ።
እናቴ ሽታዬ ሳነብላት "ቤቴን አይቶታል?" አለች፤
ጠርሙሱን ከልጣጩ፣ ቆርቆሮውን ከአጥንቱ፣ በአንድ ፌስታል ቋጠረች።

እህቴ አቪታል፣ ሆሎን ዲዛይን የምትማር፣
ምክር አልሰጠችም። ሦስት ቀን ተቀመጠች ከምድጃው ዳር፣
እጅ ስትከተል።
የእናቴ እጅ ጠርሙስ ሲጨርስ ወዴት ነው የሚሄደው?
ወደ መስኮቱ አይደለም፤ ሳያስበው፣ እንደለመደው፣
ወደ በሩ ጀርባ ነው፣ ሽርጧ ወደተሰቀለባት፣
ስንዝር ከጋት ወደምትሰፋ፣ ማንም "ቦታ" ብሎ ወዳልጠራት።

ለካች። በስንዝር፣ ከዚያ በሜትር፣ ከዚያ እንደገና በስንዝር።
ካረጀ የድንኳን ሸራ ኪስ ሰፋች፣ ከላይ እስከ ታች ድርድር፤
አፉ በጠርሙስ ወገብ ልክ፣ ከፍታው በእናቴ ክርን፤
ለትንሹ ወንድሜ አንዱን ዝቅ አድርጋ ሰቀለችልን።
ጽሑፍ የለው፣ ቀለም የለው፣ የሚቆጣ ቃል የለው፤
እጅ ሲሄድ ያገኘዋል፤ ብልሃቱ ሁሉ ይኸው ነው።

የሁለተኛ ፎቋ ራይሳ ዱቄት ልትበደር መጥታ
በሩን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ቆመች ለአፍታ፤
"ለኔም" አለች በእጇ።
(ከእሷ ጋር የምንግባባው በእጅ ነው።)
በወሩ ሰባት በር ሆነ። ስምንተኛው የኮሚቴው ሰውዬ፤
ሊለካ መጥቶ፣ አፍሮ፣ "ስንዝሬ አጭር ነው" አለ፣ "እትዬ።"

እናቴ ግን "መጣያ" የሚለውን ስም አልወደደችውም።
"አጥቤ ያስቀመጥኩትን! ያድራል፣ በማለዳ ይሄዳል፤
ማደሪያ በሉት።"

አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልተሳካም፦
የወይራ ብልቃጥ። አቪታል ኪሱ ውስጥ ትከተዋለች፣
እናቴ ታወጣዋለች። "ይህ ዕቃ ነው" ትላለች።
ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ብርቱካንማው ሣጥን ውስጥ ናቸው፣
ኳሴን ከበው።
ስወጣ በቀስታ ነው የማነሣው።