ሦስተኛው ጥያቄ

ጦሳ ጭጋጉን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣
የደሴ ብርድ በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ፣
የማታ ተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ አርባ ሁለት ወረቀት።
እግሬ ሥር ምድጃ፣ ትከሻዬ ላይ ካፖርት፣
ቀይ እስክሪብቶዬ በቅዝቃዜው ተጣብቆ
የሚጽፍልኝ በትንፋሼ ሞቆ ሞቆ።

ጥያቄ አንድ ቀላል ነው፦
አሥራ ሁለት ግራም ካርቦን ተሟልቶ ከነደደ
ስንት ግራም ኦክስጅን ወሰደ?
ሠላሳ ሁለት። ምርቱስ? አርባ አራት።
ሰሌዳውን በጠመኔ እየደበደብኩ ያስተማርኩት፦
"እሳት ሌባ አይደለም፤
የገባው ይወጣል፣ አንዲት ግራም አትሰወርም።
አመዱን አይታችሁ ጎደለ አትበሉ፤
የጎደለው አየር ላይ ነው፣ ከነክብደቱ በሙሉ።"

ጥያቄ ሁለት አይሱዙ ነው፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣
ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ሐረጎን እያቃሰተ ወጥቶ፣
አሥር ኪሎ ናፍጣ ያነደደ።
ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኋላው ተሰደደ?
ሠላሳ አንድ፣ ከትንሽ ግራም ጋር።
የጋራዡ እንድሪስ አበጋዝ፣ ወረቀቱን ግሪስ አስነክቶ፣
ከጥጉ ጽፏል፣ ስሌቱን በትክክል ጨርሶ፦
"መምህር፣ አሥር ገብቶ ሠላሳ አንድ ወጣ! ይህን ትርፍ ጭነት
ኬላው ላይ ማን አስቀረጠው?"
ሳቅሁ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ሦስተኛው፦ "በተዘጋ ክፍል ግማሽ ኪሎ ከሰል ቢነድ
የክፍሉ ኦክስጅን ይበቃል ወይ? አስልታችሁ አሳዩ።"
አርባ አንዱ "መረጃው አልተሟላም" ብለው አለፉ።
እውነታቸውን ነው።
የክፍሉን ልክ መስጠት የረሳሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ገበያ ከሰል የምትቸረችረው፣
ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ የማይለየው፣
ሉባባ ሰይድ ግን ያልሰጠሁትን ሰጥታኛለች፦

"ርዝመት ሁለት ሜትር ተኩል። ወርድ ሁለት። ከፍታ ሁለት።
መስኮት አንድ። እንዳይበርደው ብዬ ስንጥቁን በጨርቅ የወተፍኩት እኔ ነኝ።
ወሩ ኅዳር። ጊዜው ማታ፤ እኔ እዚህ፣ እርስዎ ክፍል ነበርኩ።
አሕመዲን፣ ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመቱ።
ከዚህ ወዲያ ያለውን አልቻልኩም።
እርስዎ ይጨርሱት።"

ጨረስኩት።
አሥር ሜትር ኩብ። የደሴ ከፍታ አየሩን አሳስቶት
ዘጠኝ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ተጠራቅሞ፣ ተመዝኖ፤
ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ ሁለት ኪሎ።
ግማሽ ኪሎ ከሰል ተሟልቶ ለመንደድ የሚጠይቀው
አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ግራም ነው።
ቀነስኩ። እንደገና ቀነስኩ። ይበቃል።
ሰባት መቶ ግራም ያህል ይተርፋል።

ይተርፋል!
ወረቀቱ ላይ አሕመዲን ይነሣል፣
ብርድ ልብሱን ገፍፎ፣ ፊቱን ታጥቦ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ምድጃ ግን የወረቀት አየር አይስብም።
ከፍሙ ሆድ፣ ነፋስ በቅጡ ከማይደርስበት፣
ካርቦን ድርሻው ሳይሞላለት፣ በግማሽ ኦክስጅን ይወጣል፦
አሥራ ሁለት ሲደመር አሥራ ስድስት፣ ሃያ ስምንት።
ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ የተኛ ልጅ አይቀሰቅስ፤
ክብደቱ እንኳ ከአየር የሚያንሰው ለወሬ የማይበቃ ነው።
እኩልታው ተመጣጥኗል። የግራው በቀኝ አለ።
አንዲት ግራም አልተሰወረችም፤
እንዳልኩት።

የስም መጥሪያውን ገለጥኩ። ኅዳር። ሉባባ ሰይድ። አራት ማታ፦
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።
የገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በዚሁ ቀይ።
ስሌቱም ሥር፣ ከመስመሩ በታች፣ አሁን የጻፍኩት፦
ሰባት መቶ ግራም፣ ቀሪ።

እግሬን ሞቀኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤
ከሰሉ ከሷው መደብ፣ ባለፈው ሰኞ የገዛሁት፣
ሳንቲም የተከራከርኩበት።
ጆሮውን በጨርቅ ይዤ በረንዳ አወጣሁት፤
በሩን ግን አልዘጋሁትም።
ብርዱ ዘው አለ። ወረቀቶቹ ተነሡ፤ አንዷን በመዳፌ ያዝኳት።
ነጥብ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ ላይ
እስክሪብቶው ደርቆ ቆመ።
በትንፋሼ አሞቅኩት፣
አሞቅኩት፣
እምቢ አለ።