አሥራ አንድ ምስማር

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከተቀደደው ጃንጥላ ሥር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ጻፍሁ፣ የሰው ክስ፣ የሰው ችግር።
«አመልካች» ብዬ ጀምሬ፣ «ተጠሪ» ብዬ አስከትዬ፣
«ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ፣ አስፈርሜ ተገላግዬ።
የጅማ ሰው በደል ሁሉ መልኩ አንድ ነው በእኔ ብዕር፤
ስምና ቀበሌ ብቻ ነው ከወረቀት ወረቀት የሚቀየር።

ዘንድሮ አምስት ልጆች መጡ፣
አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ዩኒፎርማቸው ዝናብ የጠጣ፤
«ጋሼ፣ ውጭ አገር ልናመለክት ነው፤ ድርሰት ጻፉ የሚል መጣ።»
«ስለ ምን?»
«ስለ ራሳችን።»
ሳቄ አመለጠኝ። ስለ ራስ? ያለ ምስክር? ያለ ማኅተም?
እንዲህ ያለ ማመልከቻ በዚህ አጥር ሥር ታይቶ አያውቅም።

የነስረዲንን ገለጥሁ፦
«ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወገኔን ለማገልገል…»
የቦንቱን ገለጥሁ፦ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ…»
የኢፍቱም፣ የመስከረምም፣ የዚያ ዝምተኛ የየም ልጅም፣
አምስቱም ከአንድ ማሕፀን፣ በአንድ ሌሊት የወጡ።
ደነገጥሁ። በሽታውን አወቅሁት፤
የኔው ነው። ከማን እንደ ያዛቸው አላጣሁት።

«ኢፍቱ፣ ይሄን ተዪው። ትናንት ምን ሠራሽ?»
«ምንም።»
«ከትናንት ወዲያስ?»
«ከትናንት ወዲያ… ዘነበ። ምስማር መታሁ።»

ምስማር?

በኦሮምኛ ነገረችኝ፣ እጇ በአየር ላይ መቃን እየሠራ።
ቤታቸው ከአዌቱ ዳር ነው፤ ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲያጓራ፣
ሳይጠሩት ይገባል፤ ምድጃ አይል፣ ፍራሽ አይል፤
ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ቁርኣኑና የትምህርት ካርዷ ይተርፋል።
ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በፊት፣
መቃኑ ላይ ምስማር ትመታለች፣ ለደረሰበት ምልክት።
አሥራ አንድ ሆነዋል።
ከፍተኛው ከትንሹ ወንድሟ አገጭ ይበልጣል።
አባቷ አባ ራያ፣ ለዒድ በሩን ሲቀባ፣
ለምን ብሎ አይጠይቃትም፤
በየምስማሩ ዙሪያ ብሩሹን ቀስ አድርጎ ያዞራል፣
ቀለም እንዳይነካባት።

«ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽም?»
«ይሄማ ቤታችን ነው፣ ጋሼ። ድርሰት አይደለም።»

ጻፈች። ሰረዝሁ። ጻፈች። ሥራዬ መሰረዝ ብቻ ሆነ፤
«እጅግ በጣም» ወጣ፣ «ራእይ» ወጣ፣ ገጹ ከሸክሙ ዳነ።
በሦስተኛው ሳምንት፣ ከመጨረሻዋ መስመር በታች፣
እጄ አላርፍ ብሎ፣ አንዲት ከራሴ ጨመርሁ፦
«ውሃ በምስማር ይለካል፤ እንባን ግን ማን ለካው?»
ኮራሁ። እንደ ዳኛ ወደ ኋላ ተደገፍሁ።

አነበበች። የእስክሪብቶዋን ክዳን ነከስ አደረገች።
«ያምራል፣ ጋሼ» አለች።
«ግን እኔ አላለቀስሁም። እየለካሁ ነበር።»

እንደ ጥርስ ነቀልሁት።
ቦታው ባዶውን ቀረ፤ ባዶነቱ አማረበት።

ወደ እንግሊዝኛው መምህር ታከለ አሻገሯት፣
ምስማሮቹን አንድ ባንድ፣ ሳይጥሉ።
ፈረንጅ አራዳ፣ ከአንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት፣
መብራት ሁለቴ ጠፍቶባት በሦስተኛው ላከችው።
«ስንት ልክፈል?» ብላ መጣች።
«በገጽ ሃምሳ ነው። ለሰረዝሁት ግን ዋጋ የለኝም።»
መልሱ ገና ነው። መጋቢት ይላሉ።

ትናንት ከሰቃ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ የድንበር ክስ ይዘው።
«አመልካች» ልል ስል እጄ ቆመ።
«አባባ፣ ድንበሩ ላይ ምን አለ?»
«ዋንዛ። አባቴ የተከሉት።
በፀሐይ መውጫ በኩል ቅርንጫፉ ላይ ንብ ይሰፍራል።»
እሱኑ ጻፍሁ።
መዝገብ ቤቱ መለሰው፦ «ተረት ነው፤ በፎርሙ ይቅረብ።»
በፎርሙ አቀረብሁ፣
ዋንዛውን ከነንቡ
ተራ ቁጥር አራት ሥር ደብቄ።